የሚሰነብት የደረት ቱቦ፦ ኢንፌክሽኑ የሚገባው በየት በኩል ነው?

ጅማ ውስጥ የደረት ቱቦ፣ ማለትም ከሳንባ ዙሪያ ፈሳሽና አየር የሚያወጣ ቱቦ፣ ይዞ ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ወራትን የሚያሳልፍ ታማሚ ብርቅ አይደለም። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከበደሌ ወይም ከአጋሮ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ከተማዋ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ነገሩ ከከረመ በኋላ ነው። በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መሀል የተቋጠረው ውኃ መግል ሆኗል፤ ወይም ሳንባው በወፍራም ሽፋን ተጠፍንጎ አልነፋ ብሏል፤ ወይም ሳንባው ላይ የተፈጠረች ቀዳዳ አልደፈን ብላ የቱቦው ጫፍ የሚገባበት ጠርሙስ ቀን ከሌት ይንቦቀቦቃል። ለጥቂት ቀናት ተብሎ የገባ ቱቦ በዚህ ሰበብ ይሰነብታል፤ በሰነበተ ቁጥርም አዲስ ተህዋስ የመግባቱ ዕድል ይጨምራል።

ትኩሳት ሲነሳ ታማሚውም፣ አስታማሚውም፣ ብዙ ጊዜ ተረኛ ሐኪሙም ቀድመው የሚጠይቁት የትኛው አንቲባዮቲክ ይሻላል ብለው ነው። በእኛ እምነት ይህ ዘግይቶ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ከሱ በፊት ከደረት እስከ ጠርሙስ ያለው መስመር ስንት ጊዜ፣ በማን እጅና ለምን ተከፈተ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

በዓለም ላይ ስለ ጉዳዩ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ለረጅም ጊዜ እንዲቀመጥ ታስቦ የተሠራውን ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ የሚመለከት ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 ለአገልግሎት የተፈቀደው ይህ ቱቦ ውፍረቱ 15.5 ፍሬንች፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቀጥታ ወደ ደረት አይገባም፤ መጀመሪያ ከቆዳ ሥር ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከቆዳ ሥር በሚቀረው ክፍሉ ላይ የፖሊስተር ቀለበት አለው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥጋ ቀለበቱ ላይ በቅሎ ይይዘዋል፤ ቱቦው መንሸራተቱን ያቆማል፤ ከቆዳ ወደ ውስጥ የሚሄደው መንገድም ይዘጋል። ጫፉ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተላልፍ መዝጊያ አለ። የሚከፈተው በየቀኑ ወይም በሳምንት ሦስት ቀን፣ አየሩ ተመጦ በወጣለት የአንድ ጊዜ ጠርሙስ ውኃውን ለመቅዳት ብቻ ነው፤ በአንድ ጊዜም ከ1 ሊትር በላይ አይቀዳም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ 11 ማዕከላትን ያካተተ ጥናት ይህን ቱቦ ያስገቡ የ1,021 ታማሚዎችን መዝገብ መርምሮ በደረታቸው ውስጥ ኢንፌክሽን የያዛቸው 4.9 በመቶ መሆናቸውን አግኝቷል። በዚሁ ኢንፌክሽን የሞቱት 0.29 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተህዋሱ ከተለየባቸው ግማሽ በሚጠጉት ላይ የተገኘው በቆዳና በአፍንጫ የሚኖረው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው።

ቁጥሩ ያጽናናል፤ ግን እንዳለ ወደ እኛ ዎርድ አይገለበጥም። እዚህ የሚሰነብተው ቱቦ በአብዛኛው ከ28 እስከ 32 ፍሬንች የሚሆነው፣ ማለትም ከ9 እስከ 11 ሚሊ ሜትር የሚወፍረው ተራው የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ቀለበት የለውም፣ መዝጊያ የለውም፤ ቆዳ ላይ የሚይዘው የሐር ክር ብቻ ነው። ጫፉም ታጥቦ ተመላልሶ ሊያገለግል የሚችል ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ቀጭኑ ቱቦ የሚገባላቸው አብዛኞቹ የካንሰር ታማሚዎች ናቸው፤ ሲገባላቸው ደረታቸው ውስጥ ያለው ውኃ ከተህዋስ ነፃ ነው። የእኛ ታማሚ ግን ብዙ ጊዜ ከመነሻው መግል ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ እዚህ "ኢንፌክሽን ያዘው" ሲባል፣ በነበረው ተህዋስ ላይ ሌላ መድኃኒት የተላመደ የሆስፒታል ተህዋስ ተደረበበት ማለት ሊሆን ይችላል።

ከውጭ በኩልና ከውስጥ በኩል

ተህዋስ ወደ ደረት የሚደርሰው በቱቦው ውጫዊ ግድግዳ ታክኮ ወይም በቱቦው ቀዳዳ ውስጥ አልፎ ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያያል፤ ቁስሉ ይቀላል፣ ይርሳል፣ ይሸታል። ዋናው ጥፋተኛ ስፌቱ ነው። የሐር ክር እርጥበት ይመጥጣል፤ እንደ ኩራዝ ክር የቆዳውን ላብና ተህዋስ ወደ ውስጥ ይስባል። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ሥጋውን እየቆረጠ ይላላና ቱቦው በየትንፋሹና በየሳሉ ሚሊ ሜትሮች ወጣ ገባ ማለት ይጀምራል። ስለዚህ ክሩ ሲላላ ወይም ዙሪያው መግል ሲይዝ ከጎኑ በአዲስ ቦታ አዲስ ስፌት ተሰፍቶ አሮጌው ይቆረጣል። ቱቦው ከስፌቱ ሌላ ከቁስሉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ጎን ላይ በፕላስተር መታሰር አለበት፤ ታማሚው ሲዞር የሚጎተተው ፕላስተሩ እንጂ ክሩ እንዳይሆን።

በቱቦው ላይ የታተሙት የሴንቲ ሜትር ምልክቶች ጥቅማቸው እዚህ ነው። ቆዳው ጋ ያለው ቁጥር ይመዘገባል። ትናንት 15 የነበረው ዛሬ 12 ከሆነ ቱቦው 3 ሴንቲ ሜትር ወጥቷል ማለት ነው። የወጣውን መልሶ መግፋት ፈጽሞ አይፈቀድም። ያ 3 ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ፣ ጎዝ ሥር፣ ላብ ውስጥ ያደረ ነው፤ ሲገፋ ያንን ሁሉ ይዞ ይገባል። ወይ ባለበት ይታሰራል፣ ወይ ወጥቶ በሌላ ቦታ አዲስ ይገባል። ሌሊት ላይ "ትንሽ ነው የወጣው" ብሎ የሚገፋ እጅ ብዙ ጉዳት አድርሷል።

ሁለተኛው መንገድ ግን አይታይም። በቱቦው የውስጥ ግድግዳ ላይ በቀናት ውስጥ ባዮፊልም የሚባል ዝልግልግ ሽፋን ይሠራል፤ በዚህ ሽፋን ውስጥ የተደበቀ ተህዋስ አንቲባዮቲክ ብዙም አይደርስበትም። ወደዚያ የሚገባው ግን መስመሩ ሲከፈት ነው፤ ጠርሙስ ሲቀየር፣ መጋጠሚያው ተላቆ መሬት ሲነካ፣ የተዘጋ ቱቦ በስሪንጅ ሲታጠብ፣ ናሙና ሲወሰድ። ለዚህም ነው ጠርሙስን በልማድ በየቀኑ መቀየር እንደ ንጽሕና ሊቆጠር የማይገባው። ጠርሙሱ የሚቀየርበት ምክንያት አለ፤ ሲሞላ፣ ሲሰበር፣ መጋጠሚያው ሲቆሽሽ፣ ወይም በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከፍ ብሎ የቱቦው ጫፍ በጣም ሲሰምጥ።

የመጨረሻው ምክንያት ማብራሪያ ይፈልጋል። በአንድ ጠርሙስ ብቻ በሚሠራው ዘዴ የረጅሙ ቱቦ ጫፍ ከውኃው በታች 2 ሴንቲ ሜትር ይገባል። ከደረት የሚወጣ አየርና ፈሳሽ ያንን 2 ሴንቲ ሜትር ማሸነፍ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። መግሉ እየተጠራቀመ ጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ከሰመጠ ግን ደረቱ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ መግፋት አለበት፤ ደካማ ታማሚ ይህን አይችልም። ፈሳሹ እዚያው ይተኛል፣ ይረጋል፣ ክፍሎች ይሠራል፤ የተኛ ፈሳሽ ደግሞ ለተህዋስ ምቹ ነው።

ጠርሙስ ሲቀየር

አዲሱ ጠርሙስ አስቀድሞ ይዘጋጃል። በኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ተህዋስን በሚገድል መሣሪያ) የተቀቀለ መሆን አለበት፤ በቧንቧ ውኃ የተለቀለቀ ብቻ አይበቃም። ሱዶሞናስ የሚባለው ተህዋስ በጠርሙስ ሥር በምትቀር እርጥበት ውስጥ ተመችቶት ይኖራል፤ ጠርሙሱ ከታጠበ በኋላ ተደፍቶ እስኪደርቅ ድረስ ካልቆየ ማጠቡ ራሱ ተህዋስ መዝራት ይሆናል። የሚጨመረው ስቴራይል (ከተህዋስ የጸዳ) ውኃ ወይም ኖርማል ሳላይን (የሕክምና ጨው ውኃ) ነው፤ እንደ ጠርሙሱ ስፋት ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይበቃል። መነሻው ከፍታ ላይ ፕላስተር ይለጠፍና ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል። ውኃው ላይ በረኪና ወይም ሌላ የጽዳት መድኃኒት መጨመር ስህተት ነው፤ ጠርሙሱ ከፍ ባለ ጊዜ ያ ፈሳሽ ወደ ደረት ሊመለስ ይችላል። የበረኪና ቦታ ከደረት የወጣው ፈሳሽ ከመደፋቱ በፊት ነው፤ 5 በመቶ የሆነውን የገበያ በረኪና አንድ እጁን በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ።

ከዚያ እጅ ይታጠባል ወይም በአልኮል ይታሻል፣ ጓንት ይደረጋል። መጋጠሚያው ከመላቀቁ በፊት ዙሪያው 70 በመቶ አልኮል በነካ ጎዝ ለ15 ሰከንድ ያህል ተፈትጎ እንዲደርቅ ይተዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ አልኮሉን ነካ አድርጎ እርጥብ እንዳለ ይነቅላል። አልኮል የሚገድለው እየደረቀ ነው። ቱቦው በክላምፕ (በመቆንጠጫ) የሚያዘው ለመንቀልና ለመግጠም በሚያስፈልጉት ሰከንዶች ብቻ ነው። አየር የሚያስወጣ፣ ጠርሙሱ የሚንቦቀቦቅ ታማሚ ላይ ክላምፕ ረስቶ መሄድ በደቂቃዎች ውስጥ አየሩ ደረት ውስጥ ተጠራቅሞ ሳንባንና ልብን እንዲጫን ያደርጋል፤ ይህ ከኢንፌክሽን ቀድሞ ይገድላል። አዲሱ ከተገጠመ በኋላ ታማሚው ሲተነፍስ ውኃው ቱቦው ውስጥ ከፍ ዝቅ ማለቱ ይታያል። ካላለ ወይ ቱቦው ተጣጥፏል፣ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ሳንባው ሙሉ በሙሉ ተነፍቷል። መጋጠሚያው ላይ ፕላስተር የሚለጠፈው በርዝመቱ ነው፤ ዙሪያውን ከተጠቀለለ ሲላቀቅ አይታይም።

የተዘጋ ቱቦን በጣት እየጨመቁ መሳብ የቆየ ልማድ ነው። ግን በደረት ውስጥ እስከ 400 ሴንቲ ሜትር ውኃ የሚደርስ የመሳብ ኃይል ሊፈጥር ይችላል፤ ሳንባን ይጎዳል። ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ስቴራይል ሳላይን በስቴራይል ስሪንጅ መግፋት ይሻላል፤ እሱም መስመር መክፈት ስለሆነ በምክንያት ይሁን። ሳንባው ላይ ቀዳዳ ያለው ታማሚ ግን አይታጠብለትም፤ የተገፋው ፈሳሽ በቀዳዳው አልፎ ወደ ደህናው ሳንባ ሊወርድ ይችላል።

ስለ ሽንት ከረጢትም አንድ ነገር። ጠርሙስ ሲጠፋ ወይም ታማሚው ወደ ቤቱ ሲሄድ የሽንት ከረጢት መግጠም የተለመደ መላ ነው፤ ለመንገድም ይመቻል። የሚሠራው ግን አየር ለማያወጣና ሳንባው ደረቱ ላይ ለተጣበቀ ታማሚ ብቻ ነው። ከረጢቱ አየር ማስወጫ ስለሌለው አየር የሚያወጣ ሰው ላይ ይነፋና ይወጠራል፤ ከዚያ በኋላ አየሩ የሚሄድበት የለም።

መንገድ ላይና ቤት ውስጥ

በሚኒባስ ወይም በባጃጅ የሚጓዝ ታማሚ ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አቅፎ ሲቀመጥ ማየት የተለመደ ነው። እንዳይሰበርበት ፈርቶ ነው። ነገር ግን ጠርሙሱ ወደ ደረቱ ከፍታ ሲጠጋ በረጅሙ ሲተነፍስ ወይም ሲስል ያ የቆየ ፈሳሽ ወደ ደረቱ ይመለሳል፤ አብሮት ጠርሙሱ ውስጥ የተራባውም ሁሉ። በደረት ውስጥ ያለው የመሳብ ኃይል በጥልቅ ትንፋሽ ጊዜ ከፍ ስለሚል ጠርሙሱ ከደረት በታች ወደ 1 ሜትር ቢርቅ ይመረጣል። ጠርሙሱን እጀታ ባላት ትንሽ ባልዲ ውስጥ ጨርቅ ጎዝጉዞ አቁሞ እግር ሥር ማስቀመጥ ይቻላል፤ አይወድቅም፣ ከፍም አይልም። ቢሰበር የቱቦው ጫፍ ወዲያው ንጹህ ውኃ ባለበት ዕቃ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ይነከራል። ቱቦው ጨርሶ ከወጣ ቁስሉ በንጹህ ጎዝ ተሸፍኖ ሳይውል ሳያድር ወደ ቅርቡ ጤና ተቋም መሄድ ነው። አየር ያስወጣ የነበረ ሰው ከሆነ ጎዙ በሦስት ጎን ብቻ ተለጥፎ አንዱ ጎን ክፍት ይተዋል።

የጅማ ክረምት ለፕላስተር አይመችም። ቆዳው ይረጥባል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ጎዙ ሳይታወቅ ይርሳል። በጎዝ የተሸፈነ ቁስል በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ፣ ከረጠበ ግን በዚያው ሰዓት ይቀየራል። ቆዳው ከመሀል ወደ ውጭ በአዮዲን ተጠርጎ እስኪደርቅ ሁለት ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። የቡና ዱቄት፣ ቅቤ ወይም ቅጠል ቁስሉ ላይ ማድረግ የለም፤ ቱቦው ቀጥታ ወደ ደረት የሚወስድ መንገድ ስለሆነ ላይ ላዩን ያለ ቁስል የሚችለውን ይህኛው አይችልም። ለሶላት ውዱ ማድረግ ደረትን ስለማይነካ ችግር የለውም። ገላን መታጠብ ግን በተነከረ ጨርቅ እየጠረጉ ነው፤ ውኃ ውስጥ መነከርና ቱቦው ላይ ጠበል ማፍሰስ ቱቦው እስኪወጣና ቁስሉ እስኪደርቅ ይቆይ።

ምግብ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ መዘለል አልነበረበትም። ከተቆጣ ደረት የሚወጣ ፈሳሽ በአንድ ሊትር 30 ግራምና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ይዞ ይወጣል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ በቀን አንድ ሊትር የሚቀዳለት ሰው አምስት እንቁላል ያህል በጠርሙሱ ያፈሳል ማለት ነው። ያንን ካልተካ ቁስል አይሽርም፣ ተህዋስን የሚከላከለው አቅምም ይወርዳል። ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ወተት፤ የተገኘው ሁሉ በየሦስትና አራት ሰዓቱ። ጫት የሚቅም ታማሚ የምግብ ፍላጎቱ እንደሚዘጋ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

አንቲባዮቲክና ካልቸር

ቱቦ ስላለ ብቻ አንቲባዮቲክ ለሳምንታት መስጠት ኢንፌክሽን አይከላከልም። በጩቤ ወይም በአደጋ ደረቱ የተወጋ ሰው ቱቦ ሲገባለት እስከ 24 ሰዓት ለሚሰጥ መድኃኒት ማስረጃ አለ፤ ለሚሰነብት ቱቦ ግን በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን የሚያተርፈው መድኃኒት የተላመደ ተህዋስን ነው። በሀገራችን ሆስፒታሎች እንደ ክሌብሲየላ ያሉ ተህዋሲያን በተለመዱት መርፌዎች አልሞት ማለታቸው የሚታወቅ ነው፤ የቀረውን መድኃኒት ማባከን አያዋጣም።

ሌላው ስህተት ናሙናው ላይ ነው። ከጠርሙሱ ወይም ከከረጢቱ የተቀዳ ፈሳሽ ለካልቸር፣ ማለትም ተህዋሱን አብቅሎ ለሚለይ ምርመራ፣ ቢላክ የሚበቅለው የጠርሙሱ ነዋሪ ነው። ናሙናው አዲስ ፈሳሽ መሆን አለበት፤ አዲስ መስመር ከተገጠመ በኋላ ወይም በአልትራሳውንድ እየታየ በመርፌ ከደረት የተቀዳ። ከሰነበተ ቱቦ የተወሰደ ካልቸር ተህዋስ ቢያሳይ እንኳ ታማሚው ትኩሳት፣ ሕመም ወይም የፈሳሽ ለውጥ ከሌለው ያለበት የቱቦው ባዮፊልም እንጂ በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ወረቀት አይታከምም።

በሽታ የሚያሰኙት ምልክቶች ሌላ ናቸው፤ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ አዲስ የደረት ሕመም፣ ጠርቶ የነበረ ፈሳሽ መደፍረስ ወይም መሽተት፣ ፍሰቱ በድንገት ቆሞ ትንፋሽ ማጠር። በቁስሉ ዙሪያ ብቻ ያለ መቅላት ብዙውን ጊዜ ስታፊሎኮከስን በሚገድል የሚዋጥ መድኃኒት ቱቦው ሳይወጣ ይድናል። ደረቱ ውስጥ ከገባ ግን መተኛት ያስፈልጋል። የፈሳሹ ስኳር ከ60 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች መውረዱ፣ የአሲድነት መለኪያውም ከ7.2 በታች መሆኑ ደረቱ ሳይቀዳ በመድኃኒት ብቻ እንደማይድን ይናገራል። በዚህ ጊዜ ቱቦውን ነቅሎ መጣል የመጀመሪያ እርምጃ አይደለም፤ የሚሠራ ከሆነ መግሉን የሚያወጣው እሱ ነው። ሳያቋርጥ እንዲፈስ ይደረግና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ይጀመራል። ቱቦው የሚቀየረው ከተዘጋ ወይም ታማሚው በቀናት ውስጥ ካልተሻለው ነው።

ቱቦውን አለማስገባት፣ ወይም በጊዜ ማሳጠር

ከሁሉም የሚበልጠው መከላከያ አላስፈላጊ ቱቦ አለማስገባት ነው። ቲቢ ያመጣው ጥርት ያለ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወሩ የቲቢ መድኃኒት ራሱ ይደርቃል፤ ትንፋሽ ካስጨነቀ በመርፌ 1 ሊትር ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ መቅዳት ይበቃል። እንዲህ ላለው ታማሚ ቱቦ ማስገባት በመድኃኒት የሚድን በሽታ ላይ የሆስፒታል ተህዋስ መጨመር ሊሆን ይችላል፤ የቲቢና የሆስፒታል ተህዋስ የተቀላቀለበት መግል ሲሆን ደግሞ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ይገባል። በእኛ ግምት ከሚሰነብቱት ቱቦዎች አንዳንዶቹ የተጀመሩት እንዲህ ነው።

መግሉ ወፍሮ ቱቦው መቆየት ካለበት ደግሞ ጠርሙሱን የሚገላግል አሮጌ ዘዴ አለ፤ ቱቦውን አጠር አድርጎ ቆርጦ ወደ ጎዝ እንዲፈስ መተው። ጊዜው ግን ወሳኝ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የአሜሪካ ጦር ሐኪሞች መግል የያዘ ደረትን ገና በመጀመሪያው ቀናት ይከፍቱ ስለነበር ሳንባ እየተኮማተረ 30 በመቶ ገደማ ታማሚዎች ይሞቱባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 የተቋቋመ ኮሚሽን መጀመሪያ ዝግ በሆነ መስመር ማፍሰስን ካዘዘ በኋላ ሞቱ ከ5 በመቶ በታች ወረደ። ዛሬም ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይጠበቃል፤ ከዚያ ቱቦው ለአየር ክፍት ተደርጎ ራጅ ይነሳል። ሳንባው ካልተኮማተረ ከደረቱ ጋር ተጣብቋል ማለት ነው። ያኔ ቱቦው ከቆዳው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆረጥና ወደ ውስጥ እንዳይሾልክ ንጹህ መርፌ ቁልፍ ይሻገርበታል፤ በየሳምንቱም ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሳባል።

ታማሚው ወደ ወረዳው ሲመለስ የሚይዘው ወረቀት ላይ የምርመራው ውጤት ብቻ ተጽፎ ይታያል። የጤና ጣቢያው ነርስ የሚያስፈልጋት ግን ሌላ ነው፤ ቱቦው የገባበት ቀን፣ ውፍረቱ፣ ቆዳው ጋ ያለው የሴንቲ ሜትር ቁጥር፣ አየር ያወጣ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ክላምፕ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ስፌቱ መቼ እንደሚታይ፣ በቀን ስንት ሚሊ ሊትር ይወጣ እንደነበር፣ የቲቢ መድኃኒት መጀመሩና አለመጀመሩ፣ የዎርዱ ስልክ ቁጥር። ከተቻለ አስታማሚው ከመውጣቱ በፊት ጎዝና ጠርሙስ መቀየሩን ነርስ እያየችው አንድ ጊዜ በራሱ እጅ ይሥራው።